ምኩራብ ውስጥ ምን ይሠራል?

የዐቢይ ጾም ሦስተኛው እሑድ ስሙ ምኩራብ ነው። ከደሴ እስከ ላሊበላ በየደብሩ በዚያ ዕለት የሚነበበው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2፣ ጌታ የገመድ ጅራፍ አበጅቶ በሬ፣ በግና ርግብ ሻጮችን ሲያስወጣ፣ የገንዘብ ለዋጮችን ገበታ ሲገለብጥ ይተርካል። በዚህም የተነሣ ብዙው ምእመን ምኩራብ ሲባል በዓይኑ የሚመጣበት ከብትና ገንዘብ የሞላበት ግቢ ነው። ያ ግቢ ግን ቤተ መቅደሱ ነው፤ በኢየሩሳሌም የነበረው፣ ካህናት መሥዋዕት ያቀርቡበት የነበረው፣ ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ70 ያፈረሱት። ምኩራብ ሌላ ቤት ነው፤ አይሁድ ለጸሎትና ለሕግ ንባብ የሚሰበሰቡበት። በቤተ መቅደሱም ዘመን ነበረ፣ ዛሬም አለ፤ በውስጡም በሬ ታርዶበት አያውቅም።

የወሎ ሙስሊምም ስሙን ያውቀዋል። በቁርኣን፣ በሱረቱል ሐጅ አንቀጽ 40 ላይ፣ አላህ ከፊሉን ሰው በከፊሉ ባይከላከል ኖሮ ይፈርሱ ነበር ከተባሉት ቤቶች መካከል ገዳማት፣ ቤተ ክርስቲያናት፣ ምኩራቦችና መስጊዶች አብረው ተቆጥረዋል። ከአራቱ ሦስቱን የወሎ ሰው በየቀኑ ደጃቸውን ሲያልፍ ያያቸዋል። አራተኛውን ግን በስም እንጂ በአካል አያውቀውም፤ ደሴ ላይ ምኩራብ የለም። ይህ ጽሑፍ በዚያ ቤት ውስጥ ሰው ምን ሲሠራ እንደሚውል ለማስረዳት የተጻፈ ነው።

በቤተ መቅደሱና በምኩራቡ መካከል ያለውን ልዩነት አንድ ድንጋይ በደንብ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1913 በኢየሩሳሌም በተደረገ ቁፋሮ፣ በግሪክ ቋንቋ የተቀረጸ የአንደኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ተገኘ። ቴዎዶቶስ የተባለ ካህንና የምኩራብ አለቃ፣ አባቱም አያቱም የምኩራብ አለቆች የነበሩ፣ ቤቱን ያሠራው ሕግ እንዲነበብበትና ትእዛዛት እንዲጠኑበት እንደሆነ ይገልጻል፤ ከሩቅ አገር ለሚመጣ እንግዳም ማደሪያ ክፍሎችና ውኃ አዘጋጅቷል። ጽሑፉ ስለ ንባብ፣ ስለ ትምህርትና ስለ እንግዳ ይናገራል፤ ጸሎትን አያነሣም። በእርግጥ ጸሎት የምኩራብ ዋና ሥራ ሆኖ ቆይቷል፤ ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ በኋላ ደግሞ የመሥዋዕቱን ቦታ የያዘው የየዕለቱ ጸሎት ነው። ሆኖም የሕግ ንባብና ጥናት ከጸሎቱ ጋር እኩል አምልኮ ተደርጎ መታየቱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልተለወጠም። ይህን የያዘ ሰው የቀረውን ለመረዳት አይቸገርም።

ምኩራብ እንዲኖር ታቦት ወይም ቅብዐ ቅዱስ አያስፈልግም፤ ጳጳስም መጥቶ አይባርከውም። የሚያስፈልገው አሥር ሰው ነው። ይህ ቁጥር ሚንያን ይባላል፤ በነባሩ ሥርዓት ዕድሜያቸው 13 ዓመት የሞላ አሥር ወንዶች ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻውን መጸለይ ይችላል፤ ኦሪቱን ከጥቅልሉ በጉባኤ ማንበብና አንዳንድ የምስጋና ክፍሎችን ማለት ግን ያለ አሥር ሰው አይቻልም። ዘጠኝ ረቢዎች ሚንያን አይሆኑም፣ አሥር ጫማ ሰፊዎች ግን ይሆናሉ ይላሉ አይሁድ። የዚህ ደንብ ውጤት ከሃይማኖቱ አልፎ ወደ ማኅበራዊው ኑሮ ይገባል። ጸሎት በቀን ሦስት ጊዜ ነው፤ ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላና ማታ። በትንሽ ከተማ በማለዳ ዘጠኝ ሰው ተሰብስቦ አሥረኛው ሲጠበቅ፣ አንዱ ስልክ ያነሣና የተኛውን ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ማንም ሰው፣ ምንም ሳያውቅ፣ በመገኘቱ ብቻ የሚፈለግበት ቀን አለ። ወጣቱ የተሰደደበትና ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት ማኅበርም መጀመሪያ የሚያጣው ይኼንኑ አሥረኛ ሰው ነው።

ረቢን ከቄስ ጋር ማመሳሰል የተለመደ ስሕተት ነው። ረቢ አይቀድስም፣ ኃጢአት አያናዝዝም፣ በሰውና በፈጣሪ መካከልም አይቆምም። የሕግ ሊቅና መምህር ነው፤ ይህ ምግብ ይፈቀዳል ወይ፣ ይህ ውል ይጸናል ወይ ተብሎ ይጠየቃል፣ ይፈርዳል፣ ያስተምራል። እኛ ዘንድ የሚቀርበው ከቀዳሹ ቄስ ይልቅ ፈትዋ ለሚሰጠው ሸህ ነው። ጸሎቱን ዜማ የሚችል ማንኛውም ሰው ሊመራ ይችላል። ቤቱን የሚያንቀሳቅሰው ጋባይ የሚባል፣ ብዙ ጊዜ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሰው ነው፤ ማን እንደሚያነብ ይመድባል፣ እንግዳ ያስተናግዳል፣ ቅሬታ ይሰማል። ገንዘቡ በአብዛኛው ከአባላት ዓመታዊ መዋጮ ይመጣል። በሰንበት፣ ማለትም በቅዳሜ፣ ገንዘብ መንካት ክልክል ስለሆነ፣ ሕዝቡ በብዛት በሚሰበሰብበት ቀን ሙዳየ ምጽዋት አይዞርም። የእኛን አብያተ ክርስቲያናት ሒሳብ ሹም ይህ ሳያስደነግጠው አይቀርም።

ዋናው ሥርዓት የኦሪት ንባብ ነው። አምስቱ ብሔረ ኦሪት በ54 ክፍል ተከፍለው በዓመት አንድ ጊዜ ተነበው ያልቃሉ፤ ባለቁበት በዓል ወዲያው ከዘፍጥረት ይጀመራል። በመላው ዓለም ያሉ ምኩራቦች በአንድ ሳምንት፣ ከጥቂት የቀን መቁጠሪያ ልዩነት በቀር፣ አንድ ክፍል ያነባሉ። ንባቡ በሰንበት፣ በሰኞና በሐሙስ ነው። የሚነበበው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከብራና ጥቅልል ነው። ብራና ፋቂ አይቶ ያደገ የላስታ ወይም የዋድላ ሰው ሥራውን ያውቀዋል፤ ቆዳው ከንጹሕ እንስሳ ተፍቆ ይዘጋጃል፣ ጸሐፊው በላባ ብዕር ከነባር ቅጂ እያየ ይገለብጣል። 304,805 ፊደላት አሉት። አንዲት ፊደል ከጠፋች ወይም ከተሰነጠቀች ጥቅልሉ እስኪታረም ድረስ አይነበብበትም፤ በንባብ መካከል እንኳ ከተገኘ ተጠቅልሎ ይነሣና ሌላ ይወጣል።

አንባቢው የሚቸገርበት ጉዳይ ሌላ ነው። በጥቅልሉ ላይ አናባቢ የለም፣ ነጥብ የለም፣ የዜማ ምልክትም የለም። እያንዳንዱ ቃል የራሱ ዜማ ስላለው፣ አንባቢው ምልክት ባለበት የታተመ መጽሐፍ ሳምንቱን ሙሉ አጥንቶ በቃሉ ይዞ ይመጣል። ድጓ ያጠና ደብተራ ከምልክቱ እያየ የሚያዜመውን፣ እርሱ ምልክቱን በጭንቅላቱ ይዞ ያዜማል። ጣቱ ብራናውን ስለማይነካ መጨረሻው ላይ ትንሽ የእጅ ቅርጽ ባለው የብር ዘንግ እየጠቆመ ይሄዳል። ግራና ቀኙ ሰዎች ቆመው ከታተመው መጽሐፍ ይከታተላሉ፤ ትርጉም የሚለውጥ ስሕተት ከሠራ ያርሙታል፣ መልሶ ያነባል። የ13 ዓመት ልጅ ለአቅመ ሕግ ሲደርስ ባር ሚትዝቫ የሚባለው ቀኑ ይህን ፈተና በሕዝብ ፊት ማለፉን ይጨምራል። ከአያቱ ዕድሜ እኩያ የሆነ ሰው ከኋላ ጮክ ብሎ ሲያርመው ማንም አይቆጣም። እኔ ይህን ልማድ ከምኩራብ ነገሮች ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ።

ወደ ጥናቱ እንግባ። ከብዙ ምኩራቦች ጎን ወይም እዚያው ውስጥ ቤት ሚድራሽ የሚባል የጥናት አዳራሽ አለ። ዝምታ የሚፈልግ አንባቢ እዚያ አይገባም። ጥናቱ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ድምፅ ከፍ አድርጎ፣ እየተከራከሩ ነው፤ ጥንዱ ሐቭሩታ ይባላል። የዳና፣ የገታ ወይም የጀማ ንጉሥ ደረሳ በየሐሪማው ኪታቡን ጮክ ብሎ ሲቀራ የሰማ፣ ወይም የዋድላ ቅኔ ቤት ተማሪ ሲቀጽል ያየ ሰው ጫጫታው አይገርመውም። የሚለየው፣ በጥንዱ መካከል መምህር አለመኖሩ ነው። አንዱ ያነብባል፣ ሌላው ይቃወማል፣ ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ። መምህሩ የሚመጣው ኋላ፣ ሁለቱ ከደከሙ በኋላ ነው።

የሚያጠኑት በዋናነት ታልሙድን ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ200 አካባቢ የተደራጀው ሚሽና የሚባል የሕግ ስብስብ ሲሆን፣ በባቢሎን የነበሩ ሊቃውንት በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲወያዩበት የተከማቸው ክርክር በላዩ ተጨምሯል። የታተመው ገጽ መሐሉ ላይ ዋናውን ጽሑፍ ይይዛል፤ በአንድ ጎኑ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ሊቅ የራሺ ትርጓሜ፣ በሌላው ጎኑ የራሺን ትርጓሜ የሚሞግቱ የተከታዮቹ ሐተታ አለ። የልጅ ልጆቹ ከሞጋቾቹ ውስጥ ናቸው። አያቱን በዚያው ገጽ ላይ መሞገት ነውር አልሆነባቸውም።

አንድ ምሳሌ ወስደን እንየው። ተማሪ ሲጀምር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ይኼ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ጋቢ ይዘው ዳኛ ፊት ቀረቡ እንበል። ይህም “ሁሉም የእኔ ነው” ይላል፣ ያም “ሁሉም የእኔ ነው” ይላል፤ ምስክር የለም። ሚሽና ይማሉና ይካፈሉ ይላል። እዚህ ድረስ ማንም የወሎ አበጋር የሚፈርደው ነው። ነገሩ የሚከረው መሐላው ላይ ነው፤ እያንዳንዱ “በዚህ ጋቢ ላይ ያለኝ ድርሻ ከግማሽ አያንስም” ብሎ ይምላል። ለምን እንዲህ ጠመዘዙት? ጥንዶቹ እዚህ ላይ ይያያዛሉ። “ሁሉም የእኔ ነው” ብሎ ይማል ቢባል፣ ምሎ ግማሹን ሲቀበል ዳኛው መሐላውን ውሸት ያደረገበት ይመስላል። “ግማሹ የእኔ ነው” ብሎ ይማል ቢባል ደግሞ፣ አሁን ሁሉም የእኔ ነው ሲል የነበረው ሰው በገዛ አፉ ራሱን ያፈርሳል። “ከግማሽ አያንስም” የሚለው ግን ሁለቱንም ያድናል፤ የሚናገረውን አይሽርም፣ ከሚቀበለውም ጋር አይጣላም። ከዚያ ሚሽና ይቀጥላል፤ አንዱ “ሁሉም”፣ ሌላው “ግማሹ የእኔ ነው” ቢሉስ? ግማሹ ላይ ክርክር የለም፣ ባለሁሉም ይወስደዋል። የቀረው ግማሽ ይካፈላል። ስለዚህ አንዱ ሦስት አራተኛ፣ ሌላው አንድ አራተኛ ያገኛል። እንደዚህ ዓይነት አንድ አንቀጽ ሁለት ጎልማሶችን፣ አንዱ የባንክ ሠራተኛ ሌላው ሾፌር፣ አንድ ምሽት ሙሉ ሊያቆያቸው ይችላል። ጋቢውን ግን ሁለቱም አያገኙትም፤ የሚያጠኑት ፈተና ለማለፍ ወይም ለመሾም አይደለም፣ ማጥናቱ ራሱ ትእዛዝ ስለሆነ ነው።

ታልሙድ ስለ ጥናት ጓደኛ የሚያስቀምጠው አንድ ታሪክም አለ። ረቢ ዮሐናን የተባለው ሊቅ ሬሽ ላኪሽ የሚባል ባልንጀራው ሞተበት። ያጽናናው ዘንድ ሌላ ዐዋቂ ሰው ላኩለት። አዲሱ ሰው ረቢ ዮሐናን በተናገረ ቁጥር “ልክ ነህ፣ ለዚህ ማስረጃ አለ” ይለው ነበር። ረቢ ዮሐናን ተቆጣ፤ ሬሽ ላኪሽ ለእያንዳንዱ ነገሬ 24 ተቃውሞ ያመጣብኝ ነበር፣ እኔም 24 መልስ እሰጥ ነበር፣ ነገሩም በዚያ ይሰፋ ነበር፤ ልክ መሆኔንማ እኔም አላጣሁትም አለ። በዚህም ምክንያት በክርክር የተሸነፈው ወገን ቃል ከገጹ አይፋቅም፤ ከአሸናፊው ጎን ከነባለቤቱ ስም ተጽፎ ይኖራል፣ ምናልባት የኋላ ዘመን ዳኛ ይደገፍበታልና። ትምህርት ማለት የመምህርን ቃል ሳያዛንፉ መድገም ነው ብለን ላደግን ሰዎች ይህ ትንሽ ይጎረብጣል። የቅኔ ቤት ሰዎች ግን አይጎረብጣቸው ይሆናል።

እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ ደግሞ በመላው ዓለም በቀን አንድ ቅጠል፣ ፊትና ጀርባውን፣ አብሮ የማንበብ ልማድ ተስፋፍቷል። ሐሳቡን ያቀረቡት የፖላንዱ ረቢ ሜየር ሻፒሮ ናቸው። ቅጠሎቹ 2,711 ስለሆኑ አንዱ ዙር ሰባት ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ በጥር 2020 (እ.ኤ.አ.) 14ኛው ዙር ተጀምሯል። በዚህ ልማድ መሠረት በሁለት አህጉር ያሉ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ዛሬ ስለ አንድ ገጽ ሊከራከሩ ይችላሉ።

የማኅበሩን ኑሮ ያስተሳሰረው ግን በሰንበት መኪና አለመንዳት ነው። ሕጉን አጥብቀው የሚጠብቁት አይሁድ ከዓርብ ጀምበር መጥለቅ እስከ ቅዳሜ ማታ እሳት አያነዱም፣ ሞተር አያስነሡም፣ አይጽፉም። ስለዚህ ምኩራባቸው በእግር የሚደረስበት ሰፈር ውስጥ ይኖራሉ። አባላቱ በዚሁ ምክንያት ጎረቤታሞች ናቸው፤ ልጆቻቸው አንድ መንገድ ላይ ይጫወታሉ፣ አንዱ ቤት የታመመ መኖሩ በዚያው ቀን ይታወቃል። ቅዳሜ ጠዋት ጸሎቱና ንባቡ እንዳበቃ በወይን ላይ ምስጋና ይባልና ገበታ ይቀርባል። ከዓርብ ጀምሮ በዝግታ ሲበስል ያደረ ባቄላና ሥጋ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ በሰንበት ማብሰል ስለማይቻል። የእኛ ሰንበቴ ከቅዳሴ በኋላ ለሚሰበሰበው ማኅበርተኛ የሚሠራውን ሥራ ይህ ገበታ ይሠራል። እንግዳ ብቻውን ቆሞ ከታየ ጋባዩ የሚነቀፍበት ቀን ነው።

ሐዘንን በሚመለከት፣ ቅሬ ያለው የወሎ ሰው ብዙውን ሳይነገረው ይገባዋል። እያንዳንዱ ማኅበር ሐቭራ ካዲሻ የሚባል የቀብር ማኅበር አለው። አባላቱ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ወንዱን ወንዶች፣ ሴቷን ሴቶች ያጥባሉ፣ ለሀብታምም ለድሃም አንድ ዓይነት ተራ ነጭ መግነዝ ያለብሳሉ፣ በተቻለ ፍጥነት ይቀብራሉ። ሐዘንተኛው ሰባት ቀን ከቤቱ አይወጣም፤ ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ ይቀመጣል። ከቀብር መልስ የሚበላውን የመጀመሪያ ምግብ ጎረቤት ያመጣለታል፤ በልማድ እንቁላል ወይም ምስር ነው። ምኩራቡም ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል፤ አሥሩ ሰዎች ተሰብስበው ጸሎቱን እዚያው ያደርሱለታል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነገር ግን የእኛ ቅሬ የለውም። አባት ወይም እናት የሞተበት ልጅ ለ11 ወር በየቀኑ ካዲሽ የሚባል ጸሎት ይላል። ጸሎቱ የተጻፈው በአራማይክ ነው፤ ስለ ሞትም ሆነ ስለ ሟች አንዲት ቃል የለበትም፣ የፈጣሪን ስም ማክበር ብቻ ነው። ከአሥር ሰው በታች ሆኖ ደግሞ አይባልም። ሐዘንተኛው እንግዲህ ወደደም ጠላም አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በየቀኑ ቢያንስ ዘጠኝ ሰዎች መካከል ሊገኝ ነው፤ እነዚያም ዘጠኙ “አሜን” ሊሉለት ማለዳ መነሣት አለባቸው። እኛ ዘንድ ድንኳኑ ከተነሣና ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ሐዘንተኛ ለብቻው የሚቀርበት ጊዜ አለ። ይህን ደንብ ያወጡ ሰዎች ያንን ጊዜ ያወቁት ይመስለኛል።

ሁሉም ምኩራብ አንድ ዓይነት አይደለም። በኦርቶዶክስ አይሁድ ዘንድ ወንድና ሴት በመጋረጃ ወይም በሰገነት ተለይተው ይቀመጣሉ። ሪፎርም በሚባለው ወገን አብረው ይቀመጣሉ፣ ሴቶችም ከአሥሩ ይቆጠራሉ፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ሴት ረቢዎች ተሾመዋል። በሁለቱ መካከል የቆሙም አሉ። ክርክሩ በቤታቸው ውስጥ የጋለ ነው፤ ከውጭ ሆኖ ለመዳኘት መቸኮል አይገባም።

ጎረቤታችን ጎንደር ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት። በወገራ፣ በደምቢያ፣ በሰሜን ተራሮች ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል እስካሁን ከተባለው ብዙውን አያውቁም ነበር። ጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ይሉታል። የሚያነቡት ኦሪት በግዕዝ የተጻፈ ነው፣ ጥቅልል ሳይሆን የተጠረዘ ብራና። ረቢ አልነበራቸውም፤ የሚመሯቸው ቄሶች ነበሩ፣ መነኮሳትም ነበሯቸው። ታልሙድ አልደረሳቸውም። የፋሲካን በግ ያርዱ ነበር፤ ሰንበትን ግን ማንም በማይስተካከለው ጥብቅነት ይጠብቃሉ። ፋይትሎቪች የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1904 መጥቶ ካያቸው በኋላ ወጣቶችን ወደ ውጭ ወስዶ ማስተማር ጀመረ። ከነርሱ አንዱ ታምራት አማኑኤል እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ የተከፈተውን ትምህርት ቤት መርተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1973 የእስራኤል ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን አጸኑ። በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ወደ እስራኤል ተጓዘ። እዚያ ሲደርሱ የጠበቃቸው ምኩራብ የረቢዎች ምኩራብ ነበር። ረቢዎቹ አይሁድነታቸው እንዲጸና ተምሳሌታዊ የውኃ ጥምቀት ጠየቁ፤ በ1985 ስደተኞቹ በረቢዎች ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ለሳምንታት ተቃወሙ። ያነሰ የሚወራው ግን በቤት ውስጥ የሆነው ነው። ልጆቹ በሃይማኖታዊ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ዕብራይስጥና የረቢዎችን ሕግ ተማሩ፣ አባት ግን በግዕዝ ጸሎቱ ቀረ። ለዘመናት ዐዋቂ የነበረው ሽማግሌ በአንድ ትውልድ ውስጥ ከልጁ ሊማር ግድ ሆነበት። ዛሬ በእስራኤል ከተሞች ቄሶች የሚመሯቸው ምኩራቦች አሉ፤ ወጣት ቄሶችም እየተማሩ ነው። ከማስተሰርያ ቀን በኋላ በሃምሳኛው ቀን የሚውለው ስግድ፣ ቄሶች በባለ ቀለም ጃንጥላ ሥር ኦሪቱንና የነህምያን መጽሐፍ የሚያነቡበት፣ ሕዝቡ ከሰዓት በኋላ እስኪደርስ የሚጾምበት በዓል፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል ምክር ቤት ብሔራዊ በዓል ተደርጎ ታውጇል። ድሮ ተራራ ወጥተው ኢየሩሳሌምን ይናፍቁበት ነበር፤ አሁን በዓሉን ኢየሩሳሌም ላይ ያከብሩታል።

ከወሎ ተነሥቶ ምኩራብ ማየት የሚፈልግ ሰው አዲስ አበባ ከኤደን በመጡ አይሁድ የተመሠረተውን፣ ወይም ጎንደር ወደ እስራኤል ለመሄድ የሚጠባበቀው ማኅበር የሚጸልይበትን መጠየቅ ይችላል። ሳይነግሩ መሄድ አይመከርም፤ በብዙ አገር ምኩራቦች ላይ ጥቃት ስለደረሰ በር ላይ ጥበቃ አለ፣ መታወቂያም ይጠየቃል። ወንድ ራሱን ይሸፍናል፤ ቆብ ከሌለው በር ላይ ይሰጠዋል። ጫማ አይወለቅም። በሰንበት ከሆነ ስልክ ጠፍቶ ኪስ ውስጥ ይቆያል፣ ፎቶ ማንሣትም ማስታወሻ መጻፍም አይቻልም። የጸሎት መጽሐፍ ከተሰጠዎት መሬት ላይ አያስቀምጡት፤ ቢወድቅ አንሥተው ይስሙታል። ገበታ ሲቀርብ ለመውጣት አይቸኩሉ፤ ስለ ሳምንቱ ክፍል የሚጠይቁት ነገር ካለዎት የሚጠየቀው ያኔ ነው፣ የሚቃወምዎትም ሰው አይጠፋም።